«ፍሎረሰንስ» የሚለው ቃልና የባሕር ውስጥ ፎቶግራፍ አጀማመር

አንድ ሙያዊ ቃል ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ ሲገባ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፤ አንደኛው ድምፁ ነው፤ ሁለተኛው ታሪኩ ነው። ድምፁን መቀበል አያስቸግርም፤ ፊደላችን ለዚህ ሰንፎ አያውቅም። ታሪኩ ግን ብዙውን ጊዜ ከደጅ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው «ፍሎረሰንስ» ታሪካቸው ከደጅ ከቀረባቸው ቃላት አንዱ ነው። ቃሉን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በመብራት በኩል ነው፤ «ፍሎረሰንት» የሚባለው ረጅሙ የቱቦ አምፑል ለብዙ ዘመን የቢሮና የትምህርት ቤት ጣሪያ ጌጥ ሆኖ ኖሯልና። አምፑሉ ለምን በዚህ ስም እንደተጠራ ቢጠየቅ ግን መልስ የሚሰጥ ጥቂት ነው።

ጉዳዩን ዛሬ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ሌሊት ወደ ባሕር የሚጠልቁ ፎቶግራፍ አንሺዎች ያመጧቸው ሥዕሎች በመጽሔትና በቴሌቪዥን እየበዙ መጥተዋል። በእነዚህ ሥዕሎች ኮራሉ እንደ ለጋ ቅጠል አረንጓዴ፣ ዓሣው እንደ ፍም ቀይ፣ አኒሞኑ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ደማቅ ሆኖ በጥቁር ውሃ መካከል ይታያል። ለሥዕሎቹ በአማርኛ መግለጫ ጻፉ ብንባል ቶሎ ወደ ብዕራችን የሚመጣው «የሚያበራ ዓሣ» ወይም «የሚያንጸባርቅ ኮራል» የሚል ነው። ሁለቱም አይሆኑም። ዓሣው አላበራም፤ ኮራሉም አላንጸባረቀም። ያደረጉት ሦስተኛ ነገር ነው፤ ለዚያ ሦስተኛ ነገር ግን በቋንቋችን የተደላደለ ግሥ ገና አልቆመለትም። ስም ቢዋስ ያስኬዳል፤ ግሥ ሲጠፋ ግን አንባቢው ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ይቀራል።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ሦስቱን ነገሮች እንለያቸው። ማንጸባረቅ የመጣን ብርሃን ሳይለውጡ መመለስ ነው፤ ሰማያዊ የመጣ ሰማያዊ ሆኖ ይመለሳል። ማብራት ከራስ ኃይል አውጥቶ ብርሃን መስጠት ነው፤ ፋኖስ ያበራል፤ በጨለማ የሚታየው የእሳት ትልም በሰውነቱ ውስጥ በሚካሄድ ኬሚካዊ ለውጥ ያበራል። ፍሎረሰንስ ከሁለቱም ይለያል። አንድ አካል ከውጭ የመጣበትን ብርሃን ይውጣል፤ ከዋጠው ኃይል ጥቂቱን በሙቀት መልክ ያጠፋል፤ የቀረውን በሌላ ቀለም አድርጎ ይመልሳል። የሚመለሰው ብርሃን እንደ ደንቡ ከተዋጠው ይልቅ የሞገዱ ርዝመት የረዘመ፣ ኃይሉም ያነሰ ነው። ሰማያዊ ገብቶ አረንጓዴ ይወጣል፤ አረንጓዴ ገብቶ ቀይ ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በሴኮንድ ቢሊዮንኛ ክፍሎች በሚቆጠር ጊዜ ስለሆነ የመጣው ብርሃን ሲቋረጥ የሚመለሰውም ወዲያው ይቋረጣል። ከጠፋም በኋላ እየቆየ የሚታይ ከሆነ ስሙ ፎስፎረሰንስ ነው፤ በጨለማ እንደሚታዩት እንደ አንዳንድ የሰዓት ቁጥሮች ማለት ነው።

የሰው ልጅ ነገሩን ስም ሳይሰጠው በፊት ብዙ ጊዜ አይቶታል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1565 ዓ.ም. ኒኮላስ ሞናርዴስ የተባለ የሴቪል ሐኪም ከሜክሲኮ የሚመጣ አንድ የመድኃኒት እንጨት በውሃ ሲዘፈዘፍ ውሃው ሰማያዊ እንደሚመስል ጻፈ። በ1833 ዓ.ም. ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ብሩስተር የቅጠል ጭማቂ በአልኮል አውጥቶ የፀሐይ ጨረር ቢያሳልፍበት በአረንጓዴው ፈሳሽ ውስጥ የደም መልክ ያለው ቀይ መንገድ አየ። ይህን ማንም ሰው በጎመን ቅጠል ሊሞክረው ይችላል። በ1845 ዓ.ም. ደግሞ ጆን ኸርሸል የኪኒን ጨው የተሟሟበት ውሃ፣ ራሱ እንደ ንጹሕ ውሃ ቀለም የሌለው ሲሆን፣ በፀሐይ ሲታይ ከላዩ ላይ ውብ ሰማያዊ ቀለም እንደሚያሳይ አስታወቀ። ነገሩ የገጽታ ጉዳይ መስሎት ስለ ነበር ከግሪክኛው «ገጽ» ከሚለው ቃል ስም አወጣለት፤ ስሙም አልበረከተም።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። ኪኒን በአማርኛ የታወቀ ቃል ነው፤ ነገር ግን ዛሬ ኪኒን ስንል የወባውን መድኃኒት ብቻ ማለታችን አይደለም፤ ለራስ ምታትም ለሆድም የሚዋጠው ክኒን ሁሉ ኪኒን ነው። የአንድ መድኃኒት ስም የመድኃኒቶች ሁሉ ቅርጽ መጠሪያ ሆኗል። ስም እንዲህ ከተወለደበት ቤት ወጥቶ ሰፈሩን ሁሉ ሊያዳርስ ይችላል። «ፍሎረሰንስ»ም ያደረገው ይህንኑ ነው።

ስሙን ያወጣው በአየርላንድ ተወልዶ በካምብሪጅ ያስተምር የነበረው ጆርጅ ገብርኤል ስቶክስ ነው። ስቶክስ የኸርሸልን የኪኒን ውሃ በብልቃጥ አድርጎ፣ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ወደ ቀስተ ደመና ቀለማት በትኖ፣ ብልቃጡን ከቀዩ ጫፍ ጀምሮ በቀለማቱ ላይ ቀስ እያለ አሳለፈው። በቀዩ፣ በቢጫው፣ በአረንጓዴው ላይ ምንም አልታየም። ሐምራዊው አልፎ፣ ዓይን ብርሃን የለም በሚልበት ጨለማ ስፍራ ብልቃጡ ሲደርስ ግን ኪኒኑ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። እንግዲህ የማይታየው ብርሃን ገብቶ የሚታይ ሆኖ ተመልሷል ማለት ነው። ብርሃን ቢሰበርም ቢበተንም ቀለሙን አይለውጥም ተብሎ ከኒውተን ዘመን ጀምሮ የተያዘው ትምህርት በዚህ ብልቃጥ ተፈተነ። ስቶክስ ውጤቱን በ1852 ዓ.ም. ከመቶ ገጽ በላይ በሆነ ጽሑፍ ለሎንዶን ሮያል ሶሳይቲ አቀረበ።

በዚያ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ለነገሩ የሰጠው የመጀመሪያ ስም «እውነተኛ ውስጣዊ መበተን» የሚል ትርጉም ያለው ሐረግ ነበረ። ሐረጉ ለራሱም ሳይከብደው አልቀረም። ስለዚህ በአንድ የግርጌ ማስታወሻ ላይ፣ ከኦፓል ድንጋይ ስም «ኦፓለሰንስ» እንደተባለ ሁሉ፣ እኔም ከፍሎርስፓር ድንጋይ ስም «ፍሎረሰንስ» ብል ምን ይለኛል የሚል ሐሳብ ጣል አደረገ። ዛሬ በመላው ዓለም የሚነገረው ቃል የተወለደው እንግዲህ በግርጌ ማስታወሻ ነው፤ ያውም በማመንታት። ስለ ቃላት አፈጣጠር የምንጨነቅ ሰዎች ይህን ማወቃችን ሳይጠቅመን አይቀርም።

የድንጋዩ ስም ራሱ ከብርሃን ጋር ዝምድና የለውም። «ፍሉኦር» በላቲን መፍሰስ ማለት ነው። ድንጋዩ እንዲህ የተባለው ማዕድን አቅላጮች ብረት በሚያቀልጡበት ጊዜ ዝቃጩ እንዲፈስላቸው ይጨምሩት ስለ ነበር ነው። ከዚሁ ድንጋይ ፍሎሪን የተባለው ንጥረ ነገር ስሙን አገኘ፤ ከዚያም ፍሎራይድ መጣ፤ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ በጉድጓድ ውሃ ውስጥ በዝቶ የሕፃናትን ጥርስ የሚያበልዘው ይኸው ነው፤ የጥርሱም በሽታ ፍሎሮሲስ ይባላል። አንድ ተማሪ ፍሎሪን፣ ፍሎሮሲስ፣ ፍሎረሰንስ የሚሉትን ሦስቱን ቃላት ቢያገኛቸው የአንድ እናት ልጆች መስለውት፣ የሚፈካ ነገር ሁሉ ፍሎሪን አለበት ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ግን የለበትም። ኪኒን ውስጥ ፍሎሪን የለም፤ ኮራልም ቀለሙን ከፍሎሪን አያገኝም። ይባስ ብሎ ንጹሕ የሆነ ፍሎርስፓር ራሱ ፍሎረሰንስ አያሳይም፤ የሚያሳየው ባዕድ ንጥረ ነገር በጥቂቱ ሲገባበት ነው። ስሙ ባለቤቱን እንኳ በቅጡ አይገልጽም ማለት ነው።

ለፎቶግራፍ አንሺው ከስሙ ይበልጥ የሚጠቅመው ስቶክስ ለሙከራው የቀየሰው ዘዴ ነው። ብርሃኑ በሚገባበት በኩል ጥቁር ሰማያዊ መስተዋት አኖረ፤ በተመልካቹ ዓይንና በሚመረመረው ነገር መካከል ደግሞ ቢጫ መስተዋት አደረገ። ሰማያዊው መስተዋት የሚያሳልፈውን ብርሃን ቢጫው ይከለክለዋል። ሁለቱ ሲደራረቡ ጨለማ ነው። በዚህ ጨለማ ውስጥ አንድ ነገር ቢታይ የታየው ብርሃን በመንገዱ ላይ ቀለሙን የለወጠ መሆን አለበት፤ ሌላ ሊሆን አይችልም። ዛሬ ሌሊት ወደ ባሕር የሚገባ ጠላቂ በፍላሹ ላይ የሚያደርገው ሰማያዊ ማጣሪያና በካሜራው ዓይን ላይ የሚያጠልቀው ቢጫ ማጣሪያ ያለ ምንም ለውጥ እነዚሁ ሁለት መስተዋቶች ናቸው።

ከካምብሪጅ እስከ ባሕር ወለል ያለው መንገድ ግን ረጅም ነበር። በባሕር ውስጥ ፎቶግራፍ ማንሣት በፈረንሳይ አገር በባንዩል ሱር ሜር በሉዊ ቡታን ጥረት በ1893 ዓ.ም. ፈር ያዘ። ዊልያም ሎንግሌይና ቻርልስ ማርቲን በፍሎሪዳ ደቡብ ያነሷቸው የመጀመሪያዎቹ ባለ ቀለም የባሕር ውስጥ ፎቶግራፎች በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት የወጡት በጥር 1927 ዓ.ም. ነው፤ ለእነዚያ ሥዕሎች ብርሃን የተገኘው በውሃው ላይ በሚንሳፈፍ ጀልባ የማግኒዚየም ዱቄት በማፈንዳት ነበር። በዚያው በ1927 ዓ.ም. ቻርልስ ፊሊፕስ የተባለ ሰው በእንግሊዝ አገር በቶርቤይ የባሕር ዳርቻ የተገኙ አኒሞኖች በአልትራ ቫዮሌት ጨረር ሥር አረንጓዴ ፍሎረሰንስ እንደሚያሳዩ ኔቸር በተባለው መጽሔት አሳተመ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት ቢወለዱም ለመገናኘት ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል።

በመካከሉ በ1944 ዓ.ም. ጃፓናዊው ሲሮ ካዋጉቲ በፓላው ደሴቶች ስለሚገኙ የኮራል ቀለማት ባደረገው ጥናት አረንጓዴ ፍሎረሰንስ ያለው ቀለም በኮራሎች ውስጥ መኖሩን ገለጸ። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ ኮንራድ ሊምባውና ዊለር ኖርዝ በካሊፎርኒያ የባሕር ወለል ስለሚኖሩ ፍሎረሰንስ ስላላቸው የአኒሞን ወገኖች ጻፉ። የዚህ ዓይነቱ ነገር ለጠላቂ እንቆቅልሽ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ውሃ ቀይ ብርሃንን ፈጥኖ ይውጣል፤ ጥቂት በአሥር የሚቆጠር ሜትር ወርደው ያዩ እንደሆነ ቀይ ነገር ሁሉ ጥቁር ወይም አመድማ ይመስላል፤ ከላይ የሚደርሰው ብርሃን ሰማያዊ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል። በዚያ ጥልቀት አንድ አኒሞን ደማቅ ቀይ ወይም ብርቱካንማ ሆኖ ከታየ ቀለሙ ከየት መጣ? ከፀሐይ እንዳይባል ቀይ የለም። አኒሞኑ ሰማያዊውን ተቀብሎ ቀይ አድርጎ መልሶታል ከማለት በቀር መልስ አይገኝም።

ነገሩን ለሕዝብ ዓይን ያበቃው ረኔ ካታላ ነው ለማለት እንደፍራለን። ካታላ በኒው ካሌዶኒያ ዋና ከተማ በኑሜያ በ1956 ዓ.ም. የባሕር እንስሳት ማሳያ ቤት ከፈተ። ከጥልቅ ስፍራ ያወጣቸውን ሕያዋን ኮራሎች በጨለማ ክፍል ውስጥ አኑሮ አልትራ ቫዮሌት ጨረር ሲያበራባቸው በቀን ብርሃን ቡናማና ደብዛዛ የነበሩት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሆነው ታዩ። ግኝቱን በ1959 ዓ.ም. በኔቸር መጽሔት አሳወቀ፤ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ በባለ ቀለም ፎቶግራፎች የተሞላ መጽሐፍ አወጣ። ካታላ ከባሕር ወለል ይልቅ የመስተዋት ገንዳን መምረጡ ለጀማሪ የሚሆን ትምህርት ነው፤ ገንዳው ውስጥ ውሃው ጸጥ ያለ ነው፤ ካሜራው አይንቀጠቀጥም፤ የዘመኑ ፊልም ለብርሃን ዳተኛ ስለ ነበረ የሚያስፈልገውን ረጅም ጊዜ መስጠት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ለጊዜው ከፎቶግራፍ ወጥቶ ወደ ኬሚስትሪ ይገባል። በ1961 ዓ.ም. በጋ ኦሳሙ ሺሞሙራ በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ በፍራይዴይ ሃርበር አሥር ሺህ ያህል ጄሊ ዓሣዎች ሰብስቦ የሚያበራቸውን ነገር ለመለየት ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ያልጠቀመውን ጭማቂ በእቃ ማጠቢያው ውስጥ ሲደፋው የባሕር ውሃ አግኝቶት በሰማያዊ ብርሃን ቦግ አለ፤ በባሕር ውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየም ነበር የቀሰቀሰው። ከዚያ ሁሉ ጄሊ ዓሣ የተገኘው የሚያበራ ፕሮቲን አምስት ሚሊግራም ያህል ብቻ ሲሆን ስሙ ኢኮሪን ተባለ። ነገር ግን ጄሊ ዓሣው በባሕር ውስጥ የሚያሳየው ብርሃን ሰማያዊ ሳይሆን አረንጓዴ ነው። ምክንያቱም በዚያው አካል ውስጥ ሁለተኛ ፕሮቲን አለ፤ የኢኮሪንን ኃይል ተቀብሎ አረንጓዴ አድርጎ ይመልሳል። ይህ ሁለተኛው ፕሮቲን በኋላ «አረንጓዴ ፍሎረሰንት ፕሮቲን» ተባለ፤ የሚመልሰውም ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 509 ናኖሜትር አካባቢ ነው። በአንድ እንስሳ ውስጥ አንዱ ያበራል፤ ሌላው የበራለትን ለውጦ ይመልሳል። ሁለቱን በአንድ ግሥ «ያበራሉ» ብለን ብንጽፍ የሺሞሙራን ሥራ በአንድ ቃል አጠፋነው ማለት ነው። በ1992 ዓ.ም. ዳግላስ ፕራሸር የፕሮቲኑን ጂን ለየ፤ በ1994 ዓ.ም. ማርቲን ቻልፊ በባክቴሪያና በትል ውስጥ አሠራው፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ሚካኤል ማትስና ባልደረቦቹ ተመሳሳይ ፕሮቲኖችን ራሳቸው ከማያበሩ የኮራል ወገኖች አገኙ። ሺሞሙራ፣ ቻልፊና ሮጀር ችየን በ2008 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ፎቶግራፉን ዛሬ ባለው መልኩ ያቆመው ሌላ ሰው ነው፤ ቻርልስ ማዜል የተባለ አሜሪካዊ የባሕር መሐንዲስ። ከእርሱ በፊት የነበሩት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ይጠቀሙ የነበረው በአልትራ ቫዮሌት ነው። ማዜል በካሪቢያን ባሕር ኮራሎችንና አኒሞኖችን በመሣሪያ ሲለካ ብዙዎቹን አጥብቆ የሚቀሰቅሳቸው የማይታየው ጨረር ሳይሆን የሚታየው ሰማያዊ ብርሃን መሆኑን አረጋገጠ፤ መለኪያዎቹንም በ1995 ዓ.ም. አሳተመ። ሲያስቡት አያስገርምም፤ እንስሳው የሚኖረው በሰማያዊ ብርሃን ውስጥ ስለሆነ ቀለሙም የተሰናዳው ለዚያው ነው። ማዜል ሰማያዊውንና ቢጫውን ማጣሪያ ለጠላቂዎች በሚመች መልክ ሠርቶ አቀረበ፤ ከዚያ በኋላ ሥራው የጥቂት ተመራማሪዎች ብቻ መሆኑ ቀረ።

አሁን ለጀማሪ ስለሚያስፈልገው ነገር እንናገር፤ አጀማመሩን ሳይናገሩ ታሪክ ብቻ መደርደር ለአንባቢ ደግ አይደለም። መጀመሪያ የሚሠራው በየብስ ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ ሰማያዊ የእጅ ባትሪ ይዞ፣ ከዓይን ፊት ቢጫ መስተዋት አድርጎ፣ የተወቀጠ ጎመን በአልኮል ቢመለከቱት ቀይ ሆኖ ይታያል፤ የመጽሐፍ መስመር ማቅለሚያው ደማቅ ብዕርም ቦግ ይላል። ኪኒን ያለበት የለስላሳ መጠጥ ግን አልትራ ቫዮሌት ይፈልጋል። በባሕር ውስጥ ሥራው የሌሊት ነው፤ በቀን የፀሐይ ብርሃን ደካማውን ፍሎረሰንስ ይውጠዋል። ሰማያዊው ማጣሪያ በፍላሹ ላይ፣ ቢጫው በካሜራው ላይ፣ ሌላ ቢጫ ደግሞ በጠላቂው የመጥለቂያ መነጽር ላይ ይሆናል። የመነጽሩን ማጣሪያ ብዙ ጀማሪ እንደ ትርፍ ነገር ያየዋል፤ ትርፍ ግን አይደለም። ያለ እርሱ ጠላቂው የሚያየው ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ስለሚሆን የሚያነሣውን አይመርጥም፤ ኃይለኛ ሰማያዊ ብርሃንም ለዓይን ጥሩ አይደለም።

የሚመለሰው ብርሃን ጥቂት ነው። ስለዚህ ጠላቂው ወደ ሚያነሣው ነገር መቅረብ አለበት፤ በክንድ ርቀት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። የካሜራው ዳሳሽ ለብርሃን ያለው ንቃት ከፍ ይደረጋል፤ የሌንሱ ቀዳዳም ሰፋ ይላል፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ጥርት ብሎ የሚታየው ስፍራ ስለሚጠብ ትኩረቱን በጥንቃቄ ማስተካከል ይገባል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን የሐሰት ፍሎረሰንስ ነው። ሁለቱ ማጣሪያዎች በሚገባ ካልተጋጠሙ ከሰማያዊው የተረፈ ብርሃን በቢጫው ሾልኮ ያልፋል፤ ነጭ አሸዋና ብርማ የዓሣ ቅርፊትም ፍሎረሰንስ ያላቸው መስለው ይታያሉ። መፍትሔው የስቶክስ ነው፤ ፍሎረሰንስ የሌለው መሆኑ የታወቀ ነጭ ወይም የሚያብረቀርቅ ነገር በሁለቱ ማጣሪያዎች አንሥቶ ማየት። ሥዕሉ ጥቁር ከወጣ ማጣሪያዎቹ ታማኞች ናቸው። በድንጋዩ ላይ የተለጠፈው ቀይ ነገር ብዙውን ጊዜ የአልጌ ክሎሮፊል ነው፤ 680 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ብርሃን ይመልሳልና፤ ብሩስተር በ1833 ዓ.ም. በአልኮል ውስጥ ያየው ያው ቀይ ነው።

ይህ ዘዴ ምን አሳየ ቢባል ብዙ አሳይቷል። በዓይን ለማየት የሚያዳግቱ፣ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ያላቸው አዲስ የበቀሉ ኮራሎች በሌሊት እንደ አረንጓዴ ነጥብ ተለይተው ስለሚታዩ ለመቁጠር ተችሏል። በ2014 ዓ.ም. ጆን ስፓርክስ፣ ዴቪድ ግሩበርና ባልደረቦቻቸው ከ180 በላይ የዓሣ ዓይነቶች ፍሎረሰንስ እንዳላቸው አሳተሙ። በ2015 ዓ.ም. ግሩበር በሰለሞን ደሴቶች አንዲት የባሕር ኤሊ አረንጓዴና ቀይ ሆና ስትዋኝ በፊልም ቀረጻት። በዚያው ዓመት በቀይ ባሕር በኤላት አካባቢ ከ50 ሜትር በታች የሚኖሩ ኮራሎች አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ፍሎረሰንስ እንዳላቸው የሚያሳይ ጥናት ወጣ።

የአማርኛውን ስያሜ ጉዳይ በተለይ ያከበደብን ግን ሌላ ግኝት ነው። ለፍሎረሰንስ አቻ ይሆናል ተብሎ በቀላሉ የሚታሰበው «ፍካት» ነው፤ እኛም ከላይ ስለ ድንጋዩ ስንናገር «የሚፈካ ነገር» ብለን ሳናስበው ተጠቅመንበታል። ቃሉ አጭርና ያማረ ነው፤ ግሥም አለው። ነገር ግን በአማርኛ አበባ ሲፈካ ደርሶለታል፣ ሰው ሲፈካ ደስ ብሎታል፣ ሰማይ ሲፈካ ደመናው ተገፏል ማለት ነው። ፍካት የጤና ቃል ነው። በኮራል ላይ የሚታየው ግን አንዳንድ ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው። የባሕር ውሃ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ኮራል በሥጋው ውስጥ የሚያኖራቸውን፣ ምግብ የሚሠሩለትን አልጌዎች ያጣል። አልጌዎቹ ሲወጡ ይውጡት የነበረው ብርሃን በኮራሉ ሥጋ ውስጥ ይበዛል፤ ከነጩ አጥንትም እየነጠረ ይመለሳል። ሰማያዊው ብርሃን ሲበዛ አንዳንድ ኮራሎች ቀለም ያላቸውን ፕሮቲኖች አብዝተው ይሠራሉ፤ እንደ ጃንጥላ ይከልሏቸዋልና። ይህን አሠራር በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ቡድን በ2020 ዓ.ም. አብራርቶታል። በ2016 ዓ.ም. በኒው ካሌዶኒያ፣ ካታላ ኮራሎቹን ባሳየበት በዚያው አገር፣ በሙቀት የተጨነቁ ኮራሎች በቀን ብርሃን እንኳ ሳይቀር ሐምራዊና ቢጫ ሆነው በፊልም ተቀርጸዋል። ያንን ሥዕል «የፈካ ኮራል» ብሎ ለተማሪ ማቅረብ የታመመውን ደህና ነው ማለት ነው።

«ነጸብራቅ» የሚለውም በፊዚክስ ትምህርት ለማንጸባረቅ የተሰጠ ስለሆነ እንደገና ሊሰጥ አይችልም። «ብርሃነ ሕይወት» ያማረ ግእዛዊ አነጋገር ነው፤ ግን የቤተ ክህነት መዓዛ አለው፤ ከዚያም በላይ የሚስማማው እንደ ኢኮሪን ላሉት፣ ራሳቸው ለሚያበሩት ነው። ለእነዚያ «ሕይወታዊ ብርሃን» ቢባል ይሻላል እንላለን።

እኛ የምንደግፈው ስሙን እንደተዋስነው ትቶ ግሡን ከገበያ ማምጣት ነው። ነጋዴ ትልቁን ብር ተቀብሎ ዝርዝር አድርጎ ሲመልስ መነዘረ ይባላል። የውጭ ገንዘብ መንዛሪ ደግሞ ጥቂት ለራሱ አስቀርቶ የቀረውን በሌላ ገንዘብ ይሰጣል። ፍሎረሰንስ ያለው አካል የሚያደርገው ይህንኑ አይደለምን? ኃይሉ የበዛውን ሰማያዊ ይቀበላል፤ ጥቂቱን በሙቀት ያስቀራል፤ ያነሰውን አረንጓዴ ይመልሳል። የሰጠውም ሰው ካልመጣ መንዛሪው የሚመልሰው ነገር የለውም። እንግዲህ «ኮራሉ ሰማያዊውን ብርሃን አረንጓዴ አድርጎ ይመነዝረዋል» ብንል አማርኛው አይሰበርም፤ ሳይንሱም አይጣመምም። ቃሉ «አመንዝራ» ከሚለው ጋር በድምፅ ይጎራበታል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ባንኮቻችን ግን ምንዛሬ የሚለውን በየቀኑ በሰሌዳ ሲጽፉት ያፈረ አልታየም።

ከዚህ ጋር የሚሄዱት ሁለት የመሣሪያ ስሞችም ቢወሰኑ መልካም ነው። በፍላሹ ላይ የሚሆነውን ሰማያዊ «ቀስቃሽ ማጣሪያ»፣ በካሜራው ዓይን ላይ የሚሆነውን ቢጫ «ከልካይ ማጣሪያ» ብንላቸው ሥራቸውን በስማቸው ይናገራሉ። ማጣሪያ በቤታችን ጠላውን አሳልፎ አተላውን የሚያስቀር ነው፤ እዚህም አንዱን ቀለም አሳልፎ ሌላውን ስለሚያስቀር ቃሉ አይጎረብጥም። ለሥዕል መግለጫ ጸሐፊዎች የምንተወው አርአያ ይህን ይመስላል፦ «ፍሎረሰንስ ያለው ኮራል፤ በሌሊት፣ በሰማያዊ ብርሃንና በቢጫ ከልካይ ማጣሪያ የተነሣ።» ብርሃኑ የማን እንደሆነና በምን እንደታየ ካልተጻፈ አንባቢው ኮራሉ በጨለማ እንዲሁ አረንጓዴ ሆኖ ይኖራል ብሎ ያምናል፤ ባትሪው ሲጠፋ ግን እዚያ የሚቀረው ጥቁር ውሃ ብቻ ነው።